ሕመሙ ጅዳ፣ ሐኪሙ ጎብዬ

መግሪብ ተሰግዶ ቶናው እየተቀዳ ሳለ ስልኩ በኢሞ ጮኸ። የመስታወቱ አንድ ጥግ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ማዶ የምትታየው ልጅ ጅዳ ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር በተከራየችው ጠባብ ክፍል ጉልበቷን ወደ ደረቷ ስባ ተኝታለች። ጅዳና ጎብዬ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ እዚያም መሽቷል።

«የት ጋ ነው የሚያምሽ ልጄ?» አሉ እናት።

«ሆዴን። ከትናንት ወዲህ።»

«አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ እናት። ምን በልተሽ ነው?»

ምንም አልበላችም። እናት ወደ ትንሹ ልጃቸው ዞረው «ሲስተርን ጥራልኝ፤ ሩጥ!» አሉት። ሲስተር የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ቤቷም እዚያው ሰፈር ነው። ነጠላዋን እንደነገሩ ጣል አድርጋ መጣች። የቀረበላትን ስኒ ሳትቀበል ስልኩን ያዘች።

«መጀመሪያ የጀመረሽ የት ጋ ነበር?»

«እምብርቴ ዙሪያ።»

«አሁንስ?»

«ወደ ቀኝ ወርዷል፤ ወደ ታች።»

«አስመልሶሻል?»

«ሁለት ጊዜ።»

«እሺ፤ በጣትሽ ቀስ ብለሽ ተጫኚውና ድንገት ልቀቂው። ሲለቀቅ ነው የሚብስሽ?»

ልጅቱ ጮኸች። ሲስተር ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። «ሲስተርዬ፣ ምንድን ነው?» ብለው እናት ሲያዩዋት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰች፦ «ትርፍ አንጀት ይመስለኛል። በስልክ አይታወቅም። ግን ማስታገሻ እየዋጠች ማደር የለባትም፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ትሂድ።»

ጅዳ ያለችው ልጅ ሰምታለች። ትንሽ ቆይታ «ኢቃማ የለኝም እኮ» አለች።

ያን ጊዜ ቡናውም ተረሳ።

ኢቃማ የሚለውን ቃል የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ዳር የተቀመጠች የራያ ከተማ ናት፤ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይታዩዋታል፣ ዙሪያዋ የማሽላ አገር ነው። ከራያ ቆላ ወደ ዓረብ አገር ልጅ ያልላከ ቤት ማግኘት ከባድ ስለሆነ ኢቃማ፣ ከፊል፣ ጀዋዛት (የፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ)፣ ተርሂል (ከአገር ማስወጣት) የሚሉት ቃላት ለሕፃኑም ለሽማግሌውም የቤት ቃል ሆነዋል። ሰው የሚሄደው ወይ በኮንትራት ነው ወይ በባሕር። በኮንትራት የሄደ ፓስፖርት አለው፣ የሥራ ውል አለው፣ አሠሪውም ዋሱም የሆነ ከፊል አለው፤ በከፊሉ በኩልም ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያገኛል። በባሕር የሄደ ያለው የስልክ ቁጥር ነው። ከከፊሉ ቤት የጠፋችም ውሎ አድሮ በባሕር ከሄደው እኩል ትሆናለች። ይህች ልጅ እንዲያ ናት፤ በኮንትራት ሄዳ፣ ደመወዝ ሲከለክሏት ወጥታ፣ አሁን በየቤቱ በተመላላሽ ትሠራለች።

የሳውዲ ሕግ የግል ድርጅቶች ለውጭ አገር ሠራተኞቻቸው የጤና መድን እንዲገዙ ያስገድዳል። የቤት ሠራተኞች ግን ለረጅም ጊዜ ከዚህ ግዴታ ውጭ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ግዴታው ወደ ቤት ውስጥ ሲገባም የተመለከተው ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ነው። ከአራት በላይ ሠራተኛ ያለው ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ አንባቢ ይገምት። ከጎብዬ የሄደችው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን ታጥባለች፣ ብቻዋን ታበስላለች፣ ልጅም የምታዝለው እሷው ናት። የእኛም የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ፣ ቁጥር 923/2008፣ ሕክምናና ኢንሹራንስ በሥራ ውሉ ውስጥ እንዲገባ ይፈልጋል። ውሉ ግን የሚሠራው በአሠሪዋ በር ውስጥ እስካለች ድረስ ነው።

ድንገተኛ ታማሚ ሲመጣ ሆስፒታል ወረቀት ሳያስቀድም ማየት አለበት፤ ሕጉ እዚያም ይህን ይላል። የሳውዲ ቀይ ጨረቃ አምቡላንስም በ997 ይጠራል። ኢቃማ የሌለው ሰው ታዲያ ምን ያስፈራዋል ቢባል፣ ፍርሃቱ ከሐኪሙ አይደለም። ከአልጋው ሲነሳ በር ላይ ማን እንደሚጠብቀው አያውቅም። ሹሜሲ ተብሎ የሚታወቀው የጅዳ አካባቢ ማቆያ ስሙ ጎብዬ ድረስ የሚያንቀጠቅጥ ነው። ሳታገባ ያረገዘች ከሆነች ደግሞ ሐኪም ቤት መሄድ ራሱ ክስ ሊሆንባት ይችላል፤ ስለዚህ ሴቶቹ ደም እየፈሰሳቸው ቤት ውስጥ ይቆያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ለሁለት ሳምንት ስብሰባ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ባለሥልጣን ወይም ነጋዴ የሸንገን ቪዛ ለማግኘት ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን ማቅረብ ግዴታው ነው። አፋርን፣ ጂቡቲን፣ ቀይ ባሕርንና የመንን አቋርጦ የሚሄደው ልጅ መድኑ ምንድን ነው? የአባቱ በሬ ነው። የዚያች ምሽት ጭንቀትም ከዚህ የመጣ ነው፤ ልጅቱ ጅዳ ብትታመምም ምርመራውም፣ ሒሳቡም፣ ዋስትናውም ጎብዬ ካለ አንድ የሣር ምንጣፍ ላይ ነው የሚፈለገው።

የራያ ሰው የጤና መድንን ሳያውቀው ቀርቶም አይደለም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት የአማራ ክልል ወረዳዎች አንዷ የወሎዋ ተሁለደሬ ናት። ዛሬ ካርዱ በየቤቱ ኮርኒስ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ ይገኛል። ከጤና ጣቢያ ተነስቶ በሪፈር ወልድያ ሆስፒታል ያደርሳል። ጂቡቲ ድንበር ያለው ጋላፊ ኬላ ላይ ግን ያበቃል።

*

በባሕር የሚሄደውን ልጅ መንገድ እንከተል። ከጎብዬ ተነስቶ አላውሃን ተሻግሮ ወልድያ፣ ከወልድያ በሐራና በጭፍራ ወደ ሚሌ፣ ከዚያ ሎግያ። እስከዚህ በመኪና ነው። ድንበሩን ካለፈ በኋላ ያለው ብዙው በእግር ነው። ጂቡቲ ውስጥ የአሳል ሐይቅን ዳርቻ የሚያልፉ አሉ፤ ሐይቁ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር በታች ነው፣ ከአፍሪካም ዝቅተኛው ስፍራ። ጨዉ ነጭ ሆኖ ከላይ የመጣውን ፀሐይ መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል።

ሙቀት ሰውን እንዴት እንደሚገድል ማወቅ ለመንገደኛ ይጠቅማል። ሰውነታችን ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው፤ ላብ ደግሞ ውኃና ጨው ነው። የሚተካው ሲያጣ መጀመሪያ ሽንት ይጠቁራል፣ እግር ይሸመቅቃል፣ ራስ ያዞራል። በዚህ ጊዜ ጥላ፣ እረፍትና ጨው ያለው ውኃ ያድናል። ከዚያ ካለፈ ሰውየው ይቀባዥራል፣ ይንገዳገዳል፣ የማያውቀውን ሰው ስም ይጠራል። አብረውት ያሉት ጂን ያዘው ይላሉ። መንገድ መሪው ጉዞ አያቆምም። ብዙ ከመንገዱ የተመለሱ ልጆች የሚነግሩህ ታሪክ እዚህ ጋ ሲደርስ ይቆረጣል፤ «እዚያ ቀረ» ይሉሃል፣ ዓይናቸውን ከዓይንህ ያነሳሉ።

በጂቡቲ የባሕር ዳርቻ ኦቦክ ላይ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት፣ አይኦኤም፣ የመንገደኞች መቀበያ ማዕከል አለው። ታሞ ወይም ተስፋ ቆርጦ ለመመለስ የፈለገ እዚያ ውኃ፣ ሕክምናና የመመለሻ መንገድ ሊያገኝ ይችላል። ደላላ ይህን አይናገርም፤ ሥራው አይደለማ። የጎብዬ ቤተሰብ ልጁ ከቤት እንደወጣ የሚያስታውሰው ስም ቢኖር ይህ የማዕከሉ ስም መሆን ነበረበት።

ባሕሩን የተሻገሩት ስንት ናቸው? በአይኦኤም ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአፍሪካ ቀንድ ተነስተው የመን የገቡት ከ138,000 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን። በኮሮና ዓመት በ2020 ቁጥሩ ወደ 37,000 ወረደ፤ በ2023 እንደገና ከ97,000 በላይ ሆነ። የመን ያን ጊዜ ሁሉ ጦርነት ላይ ነበረች፤ በ2017 መጨረሻ የኮሌራ ተጠርጣሪዎቿ ከአንድ ሚሊዮን አልፈዋል። የእኛ ልጆች ሐኪም ቤቶቿ በቦምብ ወደተመቱ፣ የራሷን ታማሚ መቀበል ወዳቃታት አገር ነው ሮጠው የገቡት።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በደቡብ የመን ወደ አምስት ሺህ የሚጠጉ ስደተኞች ታፍሰው በኤደንና በአብየን ስታዲየሞች፣ በላህጅም በወታደር ካምፕ ታጎሩ። ውኃ የለም፣ መጸዳጃ የለም። አጣዳፊ ተቅማጥ ገባ። በላህጅ ኢብን ኻልዱን ሆስፒታል በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢያንስ ስምንቱ ሞቱ። አጣዳፊ ተቅማጥ የሚገድለው ውኃውን አሟጥጦ ነው፤ ቶሎ ለደረሱበት ሰው መድኃኒቱ ከሁሉም የረከሰ ነው። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ። እሱም ከሌለ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ውኃ፣ ማንኪያው ሳይከመር፣ በጥቂት በጥቂቱ ቶሎ ቶሎ። ይህን የማታውቅ እናት ጎብዬ ውስጥ ያለች አይመስለኝም፤ ጤና ኤክስቴንሽኖቹ አስተምረዋል። ለልጇ ስንቅ ስትቋጥር ግን ዳቦ ቆሎ ትጨምራለች እንጂ ኦአርኤስ አትጨምርም።

ስለ የመን ካነሳን የሰነዓውን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሁቲዎች በሚያስተዳድሩት የሰነዓ የስደተኞች ማቆያ ውስጥ እሳት ተነስቶ በአሥሮች የሚቆጠሩ ስደተኞች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፣ ተቃጥለው ሞቱ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ዘገባ የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል ብሏል፤ የሳውዲ መንግሥት አስተባብሏል። በየሰፈሩ እጅና እግሩን አጥቶ የተመለሰ ወጣት ስታይ የቆሰለበትን ቦታ ከመጠየቅህ በፊት እዚያ ማን ደሙን እንዳቆመለት ጠይቅ። መልሱ ብዙ ጊዜ «ልጆቹ» ነው፤ አብረውት የነበሩ ልጆች፣ በሽርጣቸው።

*

ሆስፒታሉ በር ላይ ከወረቀት ቀጥሎ ሁለተኛው ኬላ ቋንቋ ነው። ዓረብኛና አማርኛ ዘመዳሞች ናቸው፤ ደም በሁለቱም ደም ነው፣ ራስም ራስ፣ ዐይንም ዐይን፣ ሞትም ያው ሞት። ዘመድነቱ ግን ያሳስታል። ዓረብ «ቀልብ» ሲል ልቡን ማለቱ ነው፤ ደረት ውስጥ የሚመታውን። እኛ ዘንድ ቀልብ ሐሳብ ነው፤ ይሰረቃል፣ ይሰበሰባል፣ ቀልብ የሌለው ሰውም አለ። ከሳውዲ የተመለሰች አንዲት ሴት እየሳቀች አጫወተችኝ፦ ሐኪሙ በእጁ ደረቷን እያመለከተ «ቀልብ? ቀልብ?» ሲላት «ቀልብ የላትም፣ እብድ ናት አለኝ» ብላ ተናድዳ ከክፍሉ ወጣች።

የባሰው ደግሞ አማርኛ ሕመምን የሚገልጽበት መንገድ ነው። ምች መታኝ፣ ብርድ ገባኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ውስጤን ይበላኛል፣ ወገቤን ያዘኝ። ጎብዬ ላይ ይህን የምትሰማ ነርስ ግማሹን ምርመራ ጨርሳለች። ጅዳ ላይ «ብርድ ነው» ያለች ልጅ ብርድ ልብስ ይደረብላታል። ምችን ደግሞ የትኛው ዓረብ ይተረጉመዋል? ለእኔ ስደተኛውን ከወረቀት እጦት ቀጥሎ የሚጎዳው ይህ ነው፤ ታሞ መናገር አለመቻል። አለርጂ ያለበት ሰው «ሐሳሲያ» የምትለዋን ቃል ካላወቀ የማይስማማው መርፌ ሊወጋ ይችላል። ነፍሰ ጡር «ሐሚል» ነኝ ማለት አለባት፤ የሚደማ «ነዚፍ»፣ ስኳር ያለበት «ሱከር»። አራት ቃል ናት። ልጅቱ ስትሄድ «ማዳም» እና «ሓድር» ማለት ተምራ ሄዳለች፤ እነዚህን ግን ማንም አላስተማራትም።

ወደዚያች ምሽት ልመለስ። ሲስተር ስልኩን እንደያዘች የጅዳዎቹን ሴቶች አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ከመካከላቸው ኢቃማ ያላት ማን ናት? ዓረብኛ የሚቀናት ማን ናት? አንዲት ተገኘች፣ ሁለቱንም ያላት። «አንቺ አብረሻት ግቢ። ከትናንት ወዲህ እንደጀመራት፣ ከእምብርት ወደ ቀኝ እንደወረደ፣ ሁለት ጊዜ እንዳስመለሳት ንገሪያቸው። ከአሁን በኋላ ምግብም ውኃም እንዳትቀምስ፤ ኦፕራሲዮን ሊሆን ይችላል» አለቻት። ትርፍ አንጀት ከፈነዳ መግሉ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይሰራጫል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ የቀናት ሳይሆን የሰዓታት ነው።

አባት እስከዚያ አልተናገሩም ነበር። ተነስተው ወጡ። የሄዱት ልጁ ጅዳ ወዳለ አንድ ጎረቤት ቤት ነው። ብር ከጎብዬ ወደ ሳውዲ በባንክ አይሄድም፤ አገሩ ሁሉ ከዚያ ወደዚህ ሲቀበል ነው የኖረው፣ ወደዚያ የመላክ ልማድም መንገድም የለውም። መንገዱ ይህ ነው፦ አባት እዚህ ለጎረቤታቸው ብር ይሰጣሉ፣ የጎረቤቱ ልጅ እዚያ ለታማሚዋ ሪያል ይሰጣል። ብሩ ከከተማዋ አይወጣም፤ የሚሻገረው ቃል ብቻ ነው። ያ ምሽት ብሩም አልነበረም። በሬያቸው ገበያ እስኪወጣ ጎረቤት በቃል ጠበቀ። ልጁም እዚያ ከእኩለ ሌሊት በፊት ሪያሉን ይዞ ሆስፒታሉ በር ላይ ተገኘ። ጅዳ ያሉ የራያ ልጆችም በስልክ ቡድናቸው ያዋጣሉ፤ ወሎ ውስጥ ቅሬ የምንለው ነገር በቴሌግራም ባሕር ተሻግሯል። ቅሬ ዋና ሥራው ቀብር ነበር። እዚያ ግን ሕክምናንም ደርቦ ይዟል፤ ሬሳ ወደ አገር ለመመለስ የሚወጣው ከሕክምናው ስለሚበልጥ ሰው ከወዲሁ ማዋጣቱን መርጧል።

*

ወረቀት የሕይወትና የሞት ልዩነት መሆኑ የእኛ ስደተኞች ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በመካ የሐጅ ወቅት ሙቀቱ 51 ዲግሪን አልፎ 1,301 ሰዎች ሞቱ። የሳውዲ መንግሥት እንዳስታወቀው ከሟቾቹ 83 ከመቶው ያለ ሐጅ ፈቃድ የመጡ ነበሩ፤ ማለትም አየር ማቀዝቀዣ ካለው ድንኳንና ከአውቶቡሱ ውጭ የቀሩ፣ በፀሐይ ረጅም መንገድ በእግር የሄዱ። በፈቃድ የሄደ ሐጃጅ ግን ከመነሳቱ ቢያንስ ከአሥር ቀን በፊት የማጅራት ገትር ክትባት ወስዶ፣ በመንግሥት ሐኪሞች ታጅቦ ይሄዳል፤ ቢታመምም በነጻ ይታከማል። ክትባቱ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ከሐጅ የተነሳው የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ከተመላሾች ጋር ወደ ሱዳንና ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል። የጎብዬ ሐጂ እና የጎብዬ ስደተኛ ወደ አንድ አገር ይሄዳሉ። አንዱን ሐኪም ይሸኘዋል፣ ሌላውን ደላላ።

መመለሱም የራሱ ሕመም አለው። ከኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥቂት ወራት ከሳውዲ የተመለሱት ብቻ ከ160,000 በላይ ነበሩ፤ በመጋቢት 2022 እንደገና ከ100,000 በላይ ለመመለስ ስምምነት ተደረገ። ቦሌ የሚያርፈው አውሮፕላን ሳል ያለባቸውን፣ የተሰበሩትን፣ አእምሯቸው የተነካውን ሁሉ ያወርዳል። አዲስ አበባ ላይ እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለተጎዱ ተመላሾች መጠለያና ሕክምና ይሰጣሉ፤ ሌላው አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ራያ ይመጣል። እዚህ ደግሞ ሰው የማያስበው ነገር ይጠብቀዋል፤ ወባ። ቆላ ያደገ ሰው ለወባ የነበረው መከላከያ ወባ በሌለበት ከተማ ዓመታት ሲኖር ይጠፋል፤ ሲመለስ እንደ እንግዳ ክፉኛ ይጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 ጦርነቱ በራያ ሲያልፍ ጤና ተቋማት የተዘረፉበት አገር ነውና የሚያገኘው ሕክምናም እንደ ዕድሉ ነው። ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው ከአጎበር ውጭ ባያድር፣ ትኩሳት ሲይዘውም «የመንገድ ድካም ነው» ባይል መልካም ነው።

ልጅቱ ያን ሌሊት ኦፕራሲዮን ተደረገች። ሲስተር እንደገመተችው ትርፍ አንጀት ነበር፤ አልፈነዳም። በአራተኛው ቀን ከሆስፒታል ስትወጣ በር ላይ የጠበቃት አልነበረም፤ ወደዚያችው ክፍል ተመለሰች። በሬው ቆቦ ገበያ ላይ ተሸጠ።

ከጎብዬ ከመውጣቴ በፊት ሲስተርን ለሚሄዱት ምን ትመክሪያለሽ አልኳት። መጀመሪያ «አትሂዱ ብዬ ነበር የምመክረው፤ ማንም አልሰማኝም» አለች። ቀጥላ ግን አንድ ወረቀት ነገረችኝ። እናንተ ልጃችሁን ልትሸኙ ያላችሁ፣ እሱን ላድርሳችሁ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የደም ዓይነት፣ የማይስማማ መድኃኒት፣ ያለ በሽታ፣ የሚዋጥ ኪኒን፣ የጎብዬ የስልክ ቁጥርና እዚያ ያለ የአንድ ዘመድ ቁጥር። በዓረብኛ ይጻፍ። መድረሳው አጠገባችሁ ነው፤ ኡስታዞቹ ይጽፉላችኋል፣ ለክርስቲያኑም ይጽፋሉ። ሁለት ኮፒ ይደረግ፤ አንዱ ከልጁ ልብስ ውስጥ ይሰፋ፣ ሌላው በስልክ ፎቶ ይነሳና ቤት ይቀመጥ። ስንቁ ውስጥም አሥር ከረጢት ኦአርኤስ ጨምሩበት።